እምቢ ብትልስ?

ሚጡ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር የእህቷን ድምፅ የሰማችው። መታጠቢያ ቤቱና ኩሽናው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከላይ ባለችው ጠባብ የአየር መውጫ በኩል የሳህኑ ኳኳታም የሰው ሐሜትም እንዳለ ይገባል። እህቷ ስልክ ላይ ነበረች። "ኧረ ምን ችግር አለው! እኔ የእኔዋን ሠራተኛ ትናንት ነግሬያታለሁ። ቁጭ ብለሽ የተጠየቅሽውን ትመልሻለሽ፣ እምቢ ካልሽ ልብስሽን ሸክፈሽ ውልቅ ነው አልኳት። አንቺም ለአንቺዋ እንደዚያው በያት። እነሱ ካልተቆነጠጡ ቃል አይወጣቸውም።" ከዚያ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሴቶች ስለ ገበያ ሲያወሩ የሚስቁት ዓይነት ነበር። ሚጡ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከሳቁ ሥር የውሃ ድምፅ ይሰማል። የእህቷን ሕፃን የምትይዘውና ቤቱን የምትሠራው ሞግዚት እዚያው ናት ማለት ነው፣ ከእህቷ ክንድ አጠገብ ቆማ ሳህን ታጥባለች። ውሃው ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም።

ሰዎች ቤት ተቀጥረው፣ እዚያው አድረው ስለሚሠሩ ሴቶች ጤና ነበር ሚጡ የምታጠናው። ወገባቸውን ሲያማቸው ለማን ይናገራሉ? ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ ይቀሰቀሳሉ? ትኩሳት ይዟቸው ምድጃ ፊት ይቆማሉ ወይስ ተኝተው እንዲያገግሙ የሚፈቅድላቸው አለ? ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና ስትሠራ እንደነዚህ ያሉ ሴቶች ሁልጊዜ ዘግይተው፣ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ሲመጡ አይታ ነው ሁለተኛ ዲግሪዋን በዚህ ልትሠራ የቆረጠችው። የቸገራት ሴቶቹን ማግኘቱ ነበር። ይህንን አንድ ቀን ለእህቷ ስታጫውታት እህቷ እጇን አጨበጨበች። "ይኼማ ምን ያስጨንቃል! ጓደኞቼ በሙሉ ሠራተኛ አላቸው። እኔ አመጣልሻለሁ።" ሚጡ ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት እህቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ፕሮፖዛሏም ላይ ተሳታፊዎች "በአሠሪዎቻቸው መልካም ፈቃድ" እንደሚገኙ አሳምራ ጻፈች። ዛሬ ከምሳ በፊት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ኮሚቴው ካልፈቀደ አንድም ሰው መጠየቅ አትችልም።

ሳሎን ስትገባ እህቷ የባንክ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አስራ፣ ቆማ ሻይ ትጠጣለች። ወደ ሥራ ስትሄድ ተቀምጣ ቁርስ በልታ አታውቅም። ሚጡን ስታያት ፊቷ በራ፤ ስኒውን አስቀምጣ መጣችና የሸሚዟን ኮሌታ አቃናችላት፣ ከትከሻዋ ላይ የሌለ ብናኝ አራገፈችላት። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ገና ሙሽራ ሳለች ታናሽ እህቷን ይዛ ነው ባሏ ቤት የገባችው፤ ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ከሄደ ወዲህም ሁለቱ አይለያዩም። "ዛሬ እንዳትርበተበቺ" አለቻት። "አንገትሽን ቀና አድርገሽ ግቢ። ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶልሻል በያቸው።" ሚጡ "እሺ እታለም" አለች። ሞግዚቷ ሕፃኗን አዝላ ዳቦና እንቁላል ይዛ መጣች፤ ሳህኑን ስታስቀምጥ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። ከሚጡ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ግን እህቷ ስትጠራት "አንቺ ልጅ" ነው የምትላት። ሚጡ የሆነ ነገር ልትላት ፈለገች። እህቷ ግን እዚያው ቆማለች፤ ሞግዚቷም ቶሎ ዞራ ወደ ኩሽናዋ ገባች። እንቁላሉ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እየሄደች ራሷን ስታጽናና ቆየች። እህቷ አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ማን ያባርራታል? ልጅቱንስ ማን ይይዝላታል? ደግሞ ቃለ መጠይቁ ሲደረግ እሷ ራሷ ለእያንዳንዷ ሴት "ባትፈልጊ መተው ትችያለሽ" ብላ ልትነግር አይደል? ይኼን ስታስብ ትንሽ ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣባት። "እምቢ ካልሽ ውልቅ ነው" የተባለች ሴት፣ የዚያችው የእመቤቷ እህት ሶፋ ላይ አስቀምጣ "ባትፈልጊ መተው ትችያለሽ" ብትላት ምን ብላ ነው የምታምናት? መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰውዬ ቀና ብሎ "እህቴ፣ አሞሻል እንዴ? ቁጭ በይ" አላት። ፊቷ መለወጡን ያወቀችው ያኔ ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለ፣ ድሮ የካርታ ማስቀመጫ በነበረ ክፍል ነው። ኮሪደሩ የእርጥብ ወረቀት ሽታ አለው፤ ግድግዳውን ተጠግተው የተደረደሩት ወንበሮች እግራቸው ስለማይስተካከል ተረኛው ሁሉ በተነቃነቀ ቁጥር ኮሪደሩ ይንቋቋል። ከእሷ በፊት የገባው የሳንባ ሐኪም ላቡን እየጠረገ ወጣ። "የደም ናሙናውን የት ታስቀምጣለህ አሉኝ" አለ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። "የት አስቀምጣለሁ? ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ አላስቀምጥ!" የጥናት አማካሪዋ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ በጎን ይመክራታል። "አጭር መልስ ስጪ። ፈቃደኝነት፣ ምስጢር፣ በፈለገችው ሰዓት ማቋረጥ። እነዚህን ደጋግሚ። እነሱም ደክሟቸዋል፤ የሚጠይቁት መጠየቅ ስላለባቸው ነው።" ሚጡ ልትነግረው አፏን ከፈተች። "ዶክተር፣ አንድ ነገር ነበር..." "ከወጣን በኋላ" አለ፤ በሩ ተከፍቶ ነበር።

ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ብስኩትና የውሃ ጠርሙሶች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው ያነባሉ። በስተቀኛቸው አንዲት ጠበቃ፣ በስተግራቸው ደግሞ ሌሎች መምህራን ተቀምጠዋል። ሚጡ የተለማመደችውን ተናገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ቀጠነ፣ ኋላ ተስተካከለ። የናሙናውን ብዛት ጠየቋት፣ መለሰች። ድምፅ የተቀረጸበት ፋይል የት እንደሚቆለፍ ጠየቋት፣ መለሰች። አማካሪዋ ወንበሩ ላይ ዘና አለ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አስቀመጡ።

"እስቲ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። እመቤቲቱ ፈቀደች እንበል። ሠራተኛዋን ጠርታ ‘ነይ፣ ይቺ ልጅ ትጠይቅሻለች’ አለቻት። እምቢ ብትልስ?"

"ጥናቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ" ብላ ጀመረች፣ ቃል በቃል እንደሸመደደችው፣ "ተሳታፊዋ ፈቃደኛ ባትሆን ምንም ዓይነት..." እዚህ ላይ ቆመች። ጆሮዋ ውስጥ የውሃ ድምፅ ነበር። ያ ሁሉ ሲነገር ያልተቋረጠ ውሃ። ‘ጉዳት አይደርስባትም’ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጧል፤ ቢወጣ ሁሉም ነገር ያልቃል። ማኅተም ይመታል፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የክሊኒኩ ኃላፊ የትምህርት ፈቃዷ ከዚህ ተርም በላይ አንድ ቀን እንደማይራዘም በግልጽ ነግሯታል። ሰብሳቢው በትዕግሥት ይጠብቋታል። አማካሪዋ ሳል ሳል አለ።

"ይደርስባታል" አለች።

"እንዴት?"

"ይደርስባታል። ትባረራለች። ዛሬ ጠዋት ‘እምቢ ካልሽ ከቤት ትወጫለሽ’ ስትባል ሰምቻለሁ። አይ፣ እሷ ስትባል ሳይሆን... እንዲህ እንደተባለች ሲወራ ሰማሁ።"

ብስኩት ያነሳ አንድ መምህር ብስኩቱን ወደ ቦታው መለሰ። ጠበቃዋ "የት ነው የሰማሽው?" አለቻት። ሚጡ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። "በእኛ ቤት" አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፣ እንደገና አለችው። "እኛ ቤት ነው። እኔን ለመርዳት ተብሎ ነው።" ጠበቃዋ ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ቀስ ብላ ነበር የጠየቀችው። "ሴትዮዋ አሁን የት ናት?" "ቤት።" "ከሰማሽ በኋላ ምን አልሻት?" "ምንም" አለች። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ፊቷን ያጋላት ይኼኛው ነው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱት። ፕሮፖዛሉ እንዲህ እንዳለ እንደማይፈቀድ፣ ተሳታፊዎችን በአሠሪዎች በኩል መፈለግ ፈጽሞ መቅረት እንዳለበት፣ ሴቶቹ ራሳቸው በዕረፍት ሰዓታቸው ከሚውሉበት፣ ለምሳሌ ከማታ ትምህርት ቤቶች፣ በራሳቸው ጊዜ የሚመጡበትን መንገድ አስባ በሚቀጥለው ስብሰባ እንድትመለስ ነገሯት። ከራሷ ቤትና ከቤተሰቧ ወዳጆች ቤት አንዲትም ሴት ጥናቱ ውስጥ አትገባም። ሌሎቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ሽማግሌው አልተነሱም። "ይኼኛው የኮሚቴው ሳይሆን የእኔ ምክር ነው" አሏት። "ቤትሽ ስትገቢ ረጋ ብለሽ ግቢ። አንቺ እዚህ እውነት ተናግረሻል፤ ዕዳውን ግን እዚያ ያለችው እንዳትከፍለው።"

አማካሪዋ ኮሪደሩ ላይ ፈጥኖ እየሄደ አልጠበቃትም። ደረጃው ሥር ደረሰችበት። "ይኼን ያህል ዓመት ሳስተምር ራሱን የከሰሰ ተማሪ አላጋጠመኝም" አለ። "አልከሰስኩም ዶክተር..." "ታዲያ ይኼ ምን ይባላል? ፈቃድሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" "ተርሙ ሲያልቅ።" እጁን ዘርግቶ ‘እንግዲህ አየሽ’ በሚል ዓይነት አወዛወዘና ደረጃውን ወጣ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እህቷ ናት። አላነሳችውም። ሻይ ቤት ገብታ አንድ ሻይ አዘዘች፤ ሳትጠጣው ወጣች። ደግሞ ተደወለ። ሞግዚቷን ብቻዋን ማግኘት አለብኝ እያለች ነበር የምታስበው፤ እህቷ ከባንክ ሳትመለስ ደርሳ፣ ሁሉንም ነግራት፣ ከዚያ ስለ እህቷ ታስባለች። መኪና መንገዱን ዘግቶ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ቆመ። ወርዳ በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ መሮጥ እንደጀመረች ያወቀችው ሰዎች ዞር እያሉ ሲያዩዋት ነው።

በሩን ስትከፍት እህቷ ሳሎን ቆማለች። አስፈቅዳ ቀድማ ወጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በሪባን የታሰረ የኬክ ካርቶን ተቀምጧል።

"ስልክ አታነሺም እንዴ? ነፍሴን አወጣሻት እኮ! አለፍሽ?"

"አላለፍኩም።"

"ሂጂ ወዲያ! ምን ጎደለው ብለው?"

ቀስ ብላ ልትነግራት፣ ነገሩን ከሩቅ አምጥታ ልታለዝበው አስባ ነበር። ግን ከሩጫው ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ ቃሉም ተቆራርጦ ወጣ። ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ስልኩ፣ የሰብሳቢው ጥያቄ። እህቷ እያዳመጠች የኬኩን ሪባን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። "ስሜን ጠራሽ?" አለች በመጨረሻ። "አልጠራሁም እታለም።" "‘እኛ ቤት’ ካልሽ ምን ቀረ? ዘበኛው ብቻ ነው ያልሰማ።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ፊቷን ወደ ኩሽናው አዞረች። "አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ ወዲህ!"

ሞግዚቷ ሕፃኗን እንዳዘለች፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። "ምን ብለሽ ነው የነገርሻት? እኔ ክፉ ነኝ? እኔ አስርቤሻለሁ? ታመሽ አስተኝቼሽ አላውቅም?" ሞግዚቷ አንዷን ታያለች፣ ሌላዋን ታያለች። "ምኑን እትዬ?" አለች፤ ከንፈሯ ነጣ። ሽማግሌው ያሉት ነገር ይኸው በሚጡ ዓይን ፊት ሆነ። ሚጡ ሳታስበው በሁለቱ መካከል ገብታ ቆማለች።

"እሷ አንድ ቃል አልነገረችኝም። የሰማሁት እኔ ነኝ፣ በአየር መውጫው በኩል። የተናገርኩትም እኔ ነኝ።"

"ጆሮ ጠቢ ነው ለካ ያሳደግኩት!"

"እሷን ካስወጣሻት እኔም እወጣለሁ።"

"የት ትሄጃለሽ?" አለቻት እህቷ። ቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር፣ እናት የምትጠይቀው ዓይነት። ሚጡ የት እንደምትሄድ አታውቅም። እህቷም ይህንኑ ከፊቷ አነበበች። ሕፃኗ ከሞግዚቷ ጀርባ ላይ እጇን ዘርግታ እናቷን ጠራች፤ እህቷ ልጇን ከጀርባዋ ላይ ፈትታ ወሰደችና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለጓደኛዋ ስልክ ስታወራ ድምፅዋ ተሰማ። "ተዪው ቀርቷል... አይ፣ እሷማ ምን አጠፋች፣ ዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ። በሌላ መንገድ ይሁን አሉ... እሷማ ጎበዝ ናት።" ሚጡን ከስድቡ ይልቅ ይኼ ከበዳት።

ኩሽና ውስጥ ሞግዚቷ ድንች ትልጣለች። ሚጡ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ግድግዳውን ተደገፈች። "ይቅርታ" አለቻት። "ጠዋት ነበር ልነግርሽ የሚገባኝ። ጥያቄ መመለስ የለብሽም፤ ለእኔም ሆነ ለማንም።" ሞግዚቷ ልጣጩን እየጣለች "እኔስ ልመልስ ነበር" አለች። "ትናንት ሲነገረኝ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ሳስበው፣ የሚጠይቀኝ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ አለኝ። ወገቤን ልነግርሽ፣ እጄን ላሳይሽ ነበር። ግን እትዬ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ እትዬ ቤት እንዴት አወራለሁ?" ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው። "አሁንማ እኔ ከጥናቱ ወጥቻለሁ አይደል?" "ወጥተሻል" አለች ሚጡ፤ አፍራ።

"እንግዲያው ለጽሑፍ ያልሆነ ነገር ልንገርሽ?" ወደ በሩ ዓይኗን ጣል አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሥራ አግኝታለች፤ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ። ማሽን ነው የሚያጥበው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ ቤት ይገባል። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ክፍል ይዘዋል። ወሩ ሲያልቅ ሥራውን ትጀምራለች። "እትዬ ዛሬ ካወቀች ዛሬውኑ ታስወጣኛለች፤ ክፍሉ ደግሞ የሚለቀቀው ወሩ ሲያልቅ ነው። መቼም ለሆነ ሰው ካልነገርኩ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። አንቺ ደግሞ ምስጢር ትጠብቂያለሽ ይላሉ።" ፈገግ አለች፤ ሚጡ ጥርሷን ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ መሰላት። "በጣም ደስ ይላል" አለቻት፤ እውነቷን ነበር። ወዲያው ግን እህቷ በሐሳቧ ታየቻት፦ ሕፃን ታቅፋ፣ ያቺን የባንክ ሻርፕ እያሰረች፣ በሩ ላይ ቆማ። ቀድማ ብታውቅ ሰው ትፈልጋለች፣ ከአለቃዋ ጋር ትነጋገራለች፣ የሆነ ነገር ታደርጋለች። "እሺ" አለች ሚጡ። "ከእኔ አይወጣም።"

ሳሎን ስትመለስ እህቷ ልጇን አስተኝታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ካርቶኑ ተከፍቷል።

"ምን አለችሽ?"

"የእኛ ጨዋታ ነው እታለም።"

"ከመቼ ወዲህ ነው እናንተ ‘እኛ’ የሆናችሁት?"

ሚጡ አጠገቧ ተቀመጠች። እህቷ ቢላዋውን አንስታ ኬኩን ቆረሰች፤ አንዱን ቁራሽ ሳህን ላይ አድርጋ ታናሿ ጭን ላይ አስቀመጠችላት፤ ሌላውን ለብቻው ቆርሳ ወደ ጎን አደረገችው። "ይኼን ውሰጂላት" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ሚጡን ሳታይ፣ "አላስወጣትም እኮ። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። ከነገ ጀምሮ እኔም ቀለል አደርግላታለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ። እሷ ብትሄድ እኔን ምን ይውጠኛል?" አለች። ከዚያ ፊቷን አዙራ፣ ‘አይዞሽ አትሄድም’ እስክትላት የምትጠብቅ ይመስል አየቻት። ሚጡ የተነገራት ምስጢር ከአፏ እንዳይወጣ ከኬኩ ትልቅ ቁራሽ ጎረሰችና ቶሎ ቶሎ ማኘክ ጀመረች።